የግድቡ ግርጌ በበጋም ለምን ይለመልማል?

ጥያቄው የመጣው ደቡብ ወሎ ካሉ አንድ መምህር ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«አባቴ የሚያርሱት ከአንድ አሮጌ የአፈር ግድብ ሥር ነው። ግድቡ ለመስኖ ተብሎ ከተሠራ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ግርጌው በበጋም እንደለመለመ ነው፤ ከብት ይግጥበታል። አሁን ደግሞ ቱቦው ላይ ተርባይን ተተክሎ ለቀበሌው መብራት ያመነጫል እየተባለ ነው። ሰሞኑን የአሜሪካው የኤደንቪል ግድብ በሴኮንዶች ውስጥ ሲናድ የሚያሳየውን ቪዲዮ አየሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የእኛስ ደህና ነው? የሚመለከተውስ ማን ነው? አባቴ ክረምቱን የሚያድሩት ማሳው ዳር ባለች ጎጆ ነው።»

መምህር፣ በመጀመሪያ አብሽሩ። የጻፉልኝን አንብቤ ግድቡ ነገ ይናዳል የሚል ስጋት አልያዘኝም። ነገር ግን «ምንም አይደለም» ብዬም አላልፈውም። ብዙ ዓመት በአፈር ግድቦች ላይ ሠርቻለሁ። ከጻፉት ሁሉ ቀልቤን የሳበው በአንድ መስመር ጠቅሰው ያለፉት ነገር ነው። ያ የለመለመ ሣር።

ወደ ሣሩ እመለሳለሁ። እንቅልፍ የነሣዎት ቪዲዮው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ኤደንቪል ያለው ሚሺጋን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ከአፈር የተሠራ፣ ወደ 4.8 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ አነስተኛ የኃይል ማመንጫ ግድብ ነበር። የተሰበረው ግንቦት 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ከከባድ ዝናብ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ውሃው ሞልቶ በላዩ ላይ ፈስሶ ያፈረሰው ይመስለዋል። እንደዚያ አልነበረም። ውሃው ከወትሮው በጣም ከፍ ብሎ ነበር፤ አናቱ ላይ ግን አልደረሰም። የሄደው የግድቡ የውጭ ጀርባ ነው። ቆሞ የነበረው አፈር ድንገት እንደ ጭቃ ፈሰሰ።

ይህ እንዴት ይሆናል? ጤፍ ቁና ላይ ሲሰፈር አይተዋል። ሞላ ሲሉት ቁናውን ነቅነቅ ያደርጉታል፤ ጤፉም ጎደል ይላል። ላላ ብሎ የተቀመጠ ቅንጣት ሲነካ መጠጋጋት ይፈልጋል። በቅንጣቶቹ መሃል አየር ካለ ችግር የለም፤ አየሩ ይወጣል። በመሃላቸው ውሃ ከሞላ ግን ውሃው በቶሎ የሚወጣበት የለውም። ስለዚህ ክብደቱን የሚሸከመው አፈሩ መሆኑ ይቀርና ውሃው ይሆናል። ውሃ ደግሞ ተዳፋት ይዞ አይቆምም። የኤደንቪል ግድብ በከፊል የተሠራው በደንብ ካልተጠቀጠቀ ልቅ አሸዋ ነበር። ያ አሸዋ ወደ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ቆሞ ነበር። ውሃው ከፍ ባለበት ቀን ተሸነፈ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን የቁጥጥሩ ታሪክ ነው። የእርስዎም ሁለተኛ ጥያቄ መልሱ እዚያ ውስጥ አለ። የአገሪቱ የፌዴራል ኢነርጂ ተቆጣጣሪ ለዓመታት አንድ ነገር ሲጠይቅ ነበር። የትርፍ ውሃ መውጫው ይታሰባል የተባለውን ትልቁን ጎርፍ ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ ይስፋ ይል ነበር። አልሰፋም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. መስከረም 2018 የማመንጨት ፈቃዱ ተነጠቀ።

እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስቡት። ፈቃዱ ሲነጠቅ ኤሌክትሪክ ማመንጨቱ ቆመ። ግድቡ ግን እዚያው ነው። ውሃውም እዚያው ነው። ከሥሩ ያሉት ቤቶችም እዚያው ናቸው። የሄደው ጠንካራው ተቆጣጣሪ ነው። ኃላፊነቱ ወደ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ተዛወረ። ያ መሥሪያ ቤት ከሺህ በላይ ግድቦችን የሚከታተለው በጣት በሚቆጠሩ ባለሙያዎች ነበር። የጎርፍ መስፈርቱም ከፌዴራሉ የላላ ነበር። በወሩ አካባቢ አንድ ጉብኝት ተደረገ፤ ግድቡም «መካከለኛ ይዞታ ላይ ነው» ተብሎ ተጻፈ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተናደ።

ሌላም ነገር አለ። ያን ሁሉ ዓመት ዋናው ክርክር የውሃ መውጫው ስፋት ላይ ነበር። የጣለው ግን የአፈሩ ጥንካሬ ነው። አንድ ትልቅ ችግር ሲታወቅ ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ይተከላል፤ ሌላውን የሚያይ ይጠፋል። ይህን በእኛም አገር ሥራ ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ያም ሆኖ በዚያ ቀን ሰው አልሞተም። ከ10,000 በላይ ነዋሪ ቀድሞ እንዲወጣ ተደርጎ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በሊቢያ ደርና ከተማ የሆነውን ያስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠሩ ሁለት ግድቦች በአንድ ሌሊት ተሰብረው በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በተኛበት አለቀ። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ደግሞ፣ ሶላይ በሚባል ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ የእርሻ ግድብ በሌሊት ተሰብሮ ከ40 በላይ ሰው ገድሏል። ትልቅ ግድብ አልነበረም። «የእኛ ትንሽ ነው» የሚለው መጽናኛ እዚህ ጋ አይሠራም።

አሁን ወደ እርስዎ ግድብ እንምጣ።

የመብራት ኃይል ግድብና የመስኖ ግድብ አኗኗራቸው የተለያየ ነው። ኃይል የሚያመነጭ ውሃው ከፍ ብሎ እንዲቆይ ይፈልጋል፤ ከፍታው ነው ኃይሉ። የእኛ የመስኖ ግድብ ግን በግንቦት ወለሉ ይታያል፤ በነሐሴ ይሞላል። በመሃል ያለው የበጋ ፀሐይ ሸክላውን ያደርቀዋል። ዋልካ አፈር ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ እንደሚያወጣ አባትዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ግድቡም ከአፈር ነው የተሠራው፤ ያው ጠባይ አለው። ከዚያ ሐምሌ ይመጣል፤ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ በጥቂት ሳምንታት ይሞላዋል። የአፈር ግድብ ውስጥ ለውስጥ ተበልቶ የሚሰበረው በብዛት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። የእኛ ግን በየክረምቱ እንደ አዲስ ይሞላል ማለት ይቻላል። ስለዚህ «ሃያ ዓመት ቆሟልና ተፈትኗል» የሚለውን ሰው ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም።

በዓለም ላይ የተሰበሩ የአፈር ግድቦች ሲቆጠሩ ግማሽ ያህሉ ውሃ በአናታቸው ስለፈሰሰ ነው። ሌላው ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ደግሞ ውሃ አፈራቸውን ከውስጥ ስለበላው ነው። እንደ ኤደንቪል ተዳፋቱ የሚሄድበት ጥቂት ነው። እርስዎም ዓይንዎን እነዚህ ሁለቱ ላይ ያድርጉ።

እንግዲህ ሣሩ። የአፈር ግድብ ሁሉ ውሃ ያሰርጋል። የማያሰርግ የለም። በደንብ የተሠራ ግድብ ውስጥ የአሸዋ ማጣሪያ አለ፤ ውሃውን ያሳልፋል፣ አፈሩን ያስቀራል። ስለዚህ እርጥበት ብቻውን በሽታ አይደለም። ጥያቄው ሦስት ነው። ውሃው አፈር ይዞ ይወጣል ወይ? መጠኑ ይጨምራል ወይ? ቦታውስ ይቀያየራል ወይ?

አንድ ጊዜ በዚያው በወሎ አንድ ግድብ ግርጌ ዘበኛው ቡና ጋበዙኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ከባለቤታቸው ጋር ግድቡ አጠገብ ነው የሚኖሩት። «ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ እኛም እንጠጣዋለን» አሉኝ። ምንጩ ድረስ ሄድን። እውነትም በዓይን ሲታይ የጠራ ነው። አንድ ነጭ ሲኒ ለምኜ ሞልቼ መጣሁና ረከቦቱ ጥግ አስቀመጥኩት። አቦሉ ተጠጣ፤ ምንም የለም። ቶናው ላይ ሲኒው ሥር የሆነ ጥላ ያለ መሰለኝ። በረካው ሲደርስ ውሃውን ቀስ ብዬ ደፋሁት። የሲኒው ወለል ላይ ከአንድ ብር ሳንቲም የሚያንስ፣ እንደ ዱቄት የላመ ቀይ አፈር ተኝቶ ነበር። ዘበኛው ጣታቸውን አስነክተው አዩት፤ ከዚያ ቀና ብለው ግድቡን አዩ። ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም።

ያ ዱቄት ከየት መጣ? ከግድቡ ሆድ ነው። ዛሬ አንድ ማንኪያ፣ ነገ አንድ ማንኪያ። ቅንጣቱ በወጣ ቁጥር መንገዱ ይሰፋል፤ መንገዱ በሰፋ ቁጥር ውሃው ይፈጥናል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ይኸው ነው። መጨረሻው ግን ቀስ ብሎ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ቴቶን የሚባል ከ90 ሜትር በላይ ቁመት ያለው የአፈር ግድብ እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1976 ጠዋት ደፍራሽ ውሃ ሲያፈስ ታየ። እኩለ ቀን ሳይሆን ተሰበረ። በመሃል የነበረው ጊዜ ግማሽ ቀን እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ ይህን ያድርጉ። ውሃው የሚወጣበትን ቦታ ፈልገው ትንሽ ቦይ ቆፍረው አንድ ላይ ይሰብስቡት። ቦዩ ከግድቡ አካል ራቅ ይበል፤ ግርጌውን ራሱን እንዳይነኩት። ከዚያ 20 ሊትር ጀሪካን ሥሩ አድርገው በስልክ ሰዓት ይያዙ። በ40 ሴኮንድ ከሞላ በሴኮንድ ግማሽ ሊትር ነው ማለት ነው። ቀኑን ይጻፉ፣ ቁጥሩን ይጻፉ፣ የዚያ ቀን የግድቡ ውሃ የት እንደደረሰም ይጻፉ። ሦስተኛው ካልተጻፈ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ትርጉም የላቸውም። ግድቡ ሲሞላ ስርገቱ ቢጨምር የሚጠበቅ ነው። ውሃው በዚያው ከፍታ ላይ እያለ ስርገቱ ከጨመረ ግን መጥፎ ምልክት ነው። በጠራ ጠርሙስም ሞልተው ሌሊቱን ያሳድሩት። ሲኒው ቡና መሃል ስለሆነ ነው እንጂ ጠርሙሱ ይሻላል፤ በጣም የላመ ሸክላ ቶሎ አይዘቅጥም።

ተማሪዎች አሉዎት አይደል? በሳምንት አንድ ቀን ተራ ያውጡላቸው። አንድ ደብተር ይበቃል። ብዙ አሮጌ ግድብ ላይ ተልኬ ሄጃለሁ። መጀመሪያ የምጠይቀው ዲዛይኑንና የስርገት መዝገቡን ነው። ዲዛይኑ አንዳንዴ ይገኛል። መዝገቡን ግን ያገኘሁባቸው ግድቦች ጥቂት ናቸው። ሐኪም የትናንቱን ትኩሳት ሳያውቅ የዛሬውን ቢለካ ምን ያህል ይረዳል?

የትርፍ ውሃ መውጫውን፣ ባለሙያው ስፒልዌይ የሚለውን፣ ሄደው ይዩት። ከሁሉም በላይ አንድ ነገር ይፈልጉ። ደፉ ላይ ድንጋይ ወይም አሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ ተደርድሯል? ገበሬው ለበጋ ውሃ እንዲተርፈው ሲል ያደርገዋል። ችግሩ ይገባኛል፤ ጓሮ ያለው ሽንኩርት ሊደርቅበት ነው። ግን ያ ግማሽ ሜትር ለጎርፉ ቀን የተተወ ቦታ ነው። እሱን ከሞሉት ጎርፉ የሚሄደው በግድቡ አናት ላይ ነው። የአፈር ግድብ ደግሞ በአናቱ የሚፈስ ውሃ አይችልም። መደርደሪያው ካለ ሰኔ ሳይገባ ይነሣ። ይህን ለማድረግ ከላይ ደብዳቤ አያስፈልግም፤ የቀበሌው ሽማግሌዎች ተነጋግረው የሚጨርሱት ነው።

ሌላውን ባጭሩ ልበለው። አናቱ ላይ የበቀለ ባሕር ዛፍ ካለ ይነገር፤ ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃ መንገድ ይሆናል። የጃርትና የፍልፈል ጉድጓድም እንደዚያው። ከብቶቹ ሁልጊዜ በአንድ መስመር ሲወጡ አናቱን ያጎደጉዱታል፤ ጎርፍ ሲመጣ ዝቅ ያለውን ይመርጣል። ደለሉም አለ። ደለል የታችኛውን ቱቦ ከደፈነው በጭንቅ ቀን ግድቡን ማጉደል አይቻልም። ቱቦው እስከ መጨረሻው ይከፈታል ወይ ብለው ይጠይቁ። «ከተከፈተ ቆይቷል» ከተባሉ መዝግበው ይያዙት።

ስለ መሬት መንቀጥቀጥ አልጠየቁኝም፤ ግን አካባቢዎን ሳስብ ዝም ማለት አልቻልኩም። በ1953 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ላይ ካራ ቆሬን የመታው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል። ከእናንተ ሩቅ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አዋሽ ፈንታሌ ለወራት ሲንቀጠቀጥ የከሰም ግድብ ጉዳይ ሁላችንንም አስጨንቆን ነበር። መሬት ከተንቀጠቀጠ በማግስቱ ጠዋት አናቱ ላይ በእግር ይሂዱ፤ አዲስ ስንጥቅ፣ አዲስ ስምጥ፣ አዲስ ውሃ ይፈልጉ።

ተርባይኑስ? ሐሳቡን አልቃወምም። መብራት የሌለው ቀበሌ መብራት ይገባዋል። ግን ልኩን እንወቅ። ውሃው በ15 ሜትር ከፍታ፣ በሴኮንድ 100 ሊትር ቢወርድ፣ ብክነቱ ተቀንሶ 10 ኪሎ ዋት ገደማ ይገኛል። ለጤና ኬላ፣ ለትምህርት ቤትና ለተወሰኑ ቤቶች አምፖል ይሆናል። ለእንጀራ ምጣድ አይታሰብም፤ ሦስት ምጣድ አብሮ ከተጣደ አለቀ።

የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መብራቱን የለመደ ሰው ውሃው ዝቅ ሲል ይከፋዋል። ውሃው ይያዝልን ይላል። ለመስኖ የተሠራና በጋ ሲገባ የሚጎድል ግድብ ዓመቱን ሙሉ ሞልቶ እንዲቆም ይገፋል። ያኔ ጀርባው ሁልጊዜ እርጥብ ይሆናል። ግድቡ ለዚያ ተብሎ ተሠርቷል? ማጣሪያውስ ለዚያ ይበቃል? ተርባይን ይዞ የሚመጣውን አካል ይህን ይጠይቁት፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። «ቱቦው ላይ ብቻ ነው የምንገጥመው» ማለት መልስ አይደለም። ያ ቱቦ የሚያልፈው በግድቡ ሆድ ነው። ውሃ ውስጥ ለውስጥ መብላት ሲጀምር የሚወደውም የቱቦውን ጎን ተከትሎ መሄድን ነው።

ማንን እንጠይቅ ላሉት። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 አለ። ኤሌክትሪክ የማመንጨቱ ጉዳይ በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ይታያል። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 841/2006 አላቸው። ሕግ አልጠፋም። የሚጠፋው መሃሉ ነው። ማኅበሩ ቦዩን ይጠርጋል፤ የግድቡ አካል ግን ከአቅሙ በላይ ነው። ወረዳው ወደ ዞን ያሳያል፣ ዞኑ ወደ ክልል። የሠራው አካል ስሙ ተቀይሯል ወይም ፈርሷል። እኔ ራሴ ያንን የሲኒውን ነገር ጽፌ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ይዤ ሄጄ ነበር። «ይህ የእኛ አይደለም» ተባልኩ። ሁለተኛውም ጋ እንደዚያው። ሦስተኛው ጋ አንድ ወጣት መሐንዲስ ዝም ብሎ አነበበውና በሳምንቱ ቦታው ላይ ተገኘ። በወሩ ግርጌው ላይ የአሸዋና የጠጠር ማጣሪያ ከነመጫኛው ድንጋይ ተደረበበት። ሥራው ከባድ አልነበረም። የጠፋው «የእኔ ነው» የሚል ሰው ነበር።

ተርባይኑ ከመጣ ይህ መሃል ይብስ ይሰፋል። መስኖው በአንድ ቢሮ፣ መብራቱ በሌላ ቢሮ ይሆናል። የኤደንቪልን ታሪክ ያስታውሱ። ስለዚህ ቧንቧ ሳይቆረጥ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ይጠይቁ፦ የግድቡ ደህንነት ኃላፊ ማን ነው፣ በዓመት ስንት ጊዜ ይታያል፣ በሌሊት ችግር ቢታይ የሚደወለው ለማን ነው። ጎርፍ ወደ ማሳ የሚጠለፍበት አገር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጎርፉን የሚያከፋፍል የውሃ አባት አለ፤ ስሙ ይታወቃል፤ ቢያጠፋ ይጠየቃል። ግድቡም እንደዚያ ያለ ሰው ይፈልጋል።

የቀረው አባትዎ ናቸው። ማሳውን ይተው አልልም፤ ቀን ሰው ነቅቶ ያያል፣ ይሮጣል። ጎጆዋ ግን ሌላ ነገር ናት። አንድ ቀን አብረው ይውጡና ግድቡ አናት ላይ ይቁሙ፤ ውሃው ቢመጣ በየት እንደሚሄድ በዓይን ይከተሉት። ከዚያ መስመር ወጣ ያለና ከፍ ያለ ቦታ ይምረጡ፤ ሃምሳ እርምጃም ቢሆን ወደ ዳገቱ ይሁን። ጭድና አጠና ይዘው ከተማሪዎችዎ ጋር በአንድ ቅዳሜ ትሠሩታላችሁ። አባትዎ «እዚህ ስንት ዓመት አድሬአለሁ» ብለው እንደሚከራከሩ አውቃለሁ። አይጋፏቸው። የግርጌውን ውሃ በነጭ ሲኒ ይዘው ይሂዱ፤ ቡናው ይፈላ፤ እስከ በረካው አብረው ይጠብቁ።